ኦጌኔና ማይክሮፎን

ስለ ቺኑዋ አቼቤ በየመጻሕፍቱ መቅድም የሚጻፈውን ለተከታተለ አንባቢ አንዲት አጭር ሐረግ እንግዳ አትሆንበትም፤ ደራሲው በናይጄሪያ ራዲዮ ይሠራ እንደነበር የምትናገረው። ሐረጓ እንደ መታወቂያ ወረቀት ዝርዝር ትጻፍና ትታለፋለች። ጸሐፊዎቹ ወደ ታላቁ ልብ ወለድ ለመድረስ ይቸኩላሉ። እኔ ግን እዚያችው ላይ መቆም እወዳለሁ። ምክንያቴን አልሸሽግም፤ ቀኑን በባንክ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ውሎ ማታ የስንኝ ቀለም ለሚቆጥር እንደኔ ላለ ሰው፣ እንጀራና ብዕር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚኖሩ ከማየት የበለጠ የሚያጓጓ ነገር የለም።

አቼቤ በራዲዮ የቆየው ከ1954 እስከ 1966 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ 12 ዓመታት ውስጥ አራት ልብ ወለዶች አሳተመ። ከራዲዮ ከወጣ በኋላ ግን አምስተኛው እስኪደርስ አንባቢ 21 ዓመት ጠብቋል። እርግጥ በመካከሉ ጦርነት አለ፣ ስደት አለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አለ፤ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቢሆንም ቁጥር ሥራዬ ነውና አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በእኔ አስተያየት ራዲዮው ደራሲውን ከጽሑፉ ያዘገየ የእንጀራ ቀንበር አልነበረም። የልብ ወለዶቹ ጆሮ የተሠራው እዚያ ነው።

አቼቤ በ1930 በምሥራቅ ናይጄሪያ ኦጊዲ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የወንጌል መምህር ነበሩ። ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ሕክምና ሊማር ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረና የነፃ ትምህርት ዕድሉን አጣ። በ1953 ተመረቀ፤ ኦባ በምትባል ከተማ ለጥቂት ወራት አስተማረ፤ በ1954 ላጎስ ወርዶ በናይጄሪያ የራዲዮ አገልግሎት ተቀጠረ። የተመደበውም በንግግር ዝግጅቶች ክፍል ነው።

የዚህ ክፍል ሥራ ምን እንደሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ምሁሩ፣ ሐኪሙ፣ ባለሥልጣኑ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ወደ አፍ ሲገባ ግን ይሰነካከላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ባለቤቱ አንድ ዳር ላይ ግሱ ሌላ ዳር ላይ ይቀራል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ያልገባውን ገጽ መልሶ ይገልጣል፤ ራዲዮ የሚያዳምጥ ግን ያመለጠውን ቃል የሚያሳድድበት መንገድ የለውም። አዘጋጁ እንግዲህ ጽሑፉን ይቆርጣል፣ ያሳጥራል፣ ለአፍ የሚመች ያደርገዋል፤ አልፎም ጸሐፊው ራሱ ሲናገር ምን ይመስል እንደነበር ያስባል። የ23 ዓመቱ ወጣት ከቀን ወደ ቀን ያደረገው ይህንን ነው። በተጻፈ ቃልና በሚነገር ቃል መካከል ያለውን ስንጥቅ በየዕለቱ በጣቱ ይዳስስ ነበር። ሌላው የናይጄሪያ ደራሲ ሳይፕሪያን ኤክዌንሲም በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዚያው ቤት ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን የሚመራ ሰው ነበር። አንድ የራዲዮ ጣቢያ ሁለት ደራሲ ቀለበ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይመስለኝም። ከእኛ መካከል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማንበቡ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ የሰማው ስንቱ ነው! መጽሐፉን በኋላ የገለጡትም ቢሆኑ የወጋየሁን ድምፅ ከገጹ ላይ ማራቅ አልቻሉም። ልብ ወለድ በጆሮ ሊገባ እንደሚችል ለአማርኛ አንባቢ ማስረጃ መቁጠር አያሻም። አቼቤ ደግሞ ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረው፤ ጆሮ ቀደመ፣ መጽሐፍ ተከተለ።

በ1956 መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ወደ ለንደን፣ ወደ ቢቢሲ የሠራተኞች ትምህርት ቤት ላከው። በሻንጣው ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ረቂቅ ነበር። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ጊልበርት ፌልፕስ ራሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። አብሮት የሠለጠነው ቢሲ ኦናባንጆ ረቂቁን እንዲያሳየው ወተወተው፤ አሳየው። ፌልፕስ ወደደው፤ ለአሳታሚ ላቅርበው ብሎም ጠየቀ። አቼቤ ግን ገና ነው አለ። ረቂቁ በዚያን ጊዜ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበር፤ አያቱን ኦኮንክዎን፣ ልጁን ንዎዬን፣ የልጅ ልጁን ኦቢን በአንድ ጥራዝ ያጨቀ። ወደ አገሩ ተመልሶ ቆረጠው። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን እንዲቆም አደረገ፤ የልጅ ልጁን ታሪክ ለሌላ መጽሐፍ አስቀመጠ፤ እሱም በ1960 «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» በሚል ርእስ ወጣ። አንድ ጀማሪ ጸሐፊ፣ ያውም በለንደን አድናቂ አግኝቶ፣ ከድርሰቱ ይህን ያህል ቆርጦ ለመጣል እጁ እንዴት ጨከነ? የሰው ጽሑፍ በደቂቃ እየለካ መቁረጥ የዕለት ተግባሩ የነበረ ሰው መሆኑን ሳስብ መልሱ ትንሽ ይቀለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል። አቼቤ «ስፔክቴተር» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ የደራስያንን ረቂቅ በጽሕፈት መኪና እንመታለን የሚል ማስታወቂያ አየ። ጻፈላቸው፤ ዋጋውን ነገሩት። ገንዘቡን በፖስታ ሐዋላ፣ ረቂቁን በጥቅል ላከ። ግልባጭ አልነበረውም፤ የላከው ያቺኑ አንዲቷን በእጁ የጻፋትን ነው። ሐዋላ ስከፍልና ስቀበል የምውል ሰው ነኝ፤ ገንዘብ ሲላክ ደረሰኝ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ከጠፋም የሚፈለግበት መዝገብ አለው። የዓመታት ድካም የተጻፈበት ወረቀት ግን በባሕር ማዶ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ማን ይመዘግበዋል?

ሳምንታት አለፉ፤ ወራት ተከተሉ። ደብዳቤ ቢጽፍ መልስ የለም። በጭንቀት መክሳት ጀመረ። በመጨረሻ ያዳነችው የራዲዮ ጣቢያው አለቃው አንጀላ ቢቲ ናት። ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ ስትሄድ እዚያ ቢሮ ድረስ ሄዳ ረቂቁ የት እንዳለ በቁጣ ጠየቀች። ከናይጄሪያ የመጣን የእጅ ጽሑፍ የሚጠይቅ ሰው በበራቸው ይገባል ብለው አልጠበቁም ነበር። ከተጣለበት አንሥተው መቱት፣ ላኩለት። መጽሐፉ በሃይነማን አሳታሚ በኩል ሰኔ 17 ቀን 1958 ታተመ፤ የመጀመሪያው ኅትመት 2,000 ቅጂ ነበር። ዛሬ ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይነበባል። «ቲንግስ ፎል አፓርት»፤ በእኛ አፍ «ነገር ሁሉ ሲፈራርስ» ብንለው ከሐሳቡ ብዙ የምንርቅ አይመስለኝም። ያቺ አለቃ ዕረፍቷን ሌላ ቦታ አሳልፋ ቢሆን ኖሮ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በየትኛው መጽሐፍ ይጀምር እንደነበር እንጃ።

አሁን መጽሐፉን በራዲዮ ሠራተኛ ጆሮ እንየው። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ሌሊት ነው። ኦኮንክዎ መብራቱን አጥፍቶ የቀርከሃ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። በጨለማው ውስጥ የአዋጅ ነጋሪው ኦጌኔ ይሰማል። ኦጌኔ ከብረት የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ደወል መሰል መሣሪያ ነው። ነጋሪው መሣሪያውን ይመታል፣ መልእክቱን ይናገራል፣ ሲጨርስ ደግሞ ይመታል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቅደም ተከተል ልብ በልልኝ፤ የዜና ሰዓት መግቢያ ሙዚቃ፣ ዜናው፣ መዝጊያው ማለት አይደለምን? ኦኮንክዎ የሚሰማው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ በነጋሪው ድምፅ ውስጥ ያለውን የመከራ ጥላ ጭምር ያዳምጣል። ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ የሰዎችን ድምፅ ሲመዝን ያልዋለ ጸሐፊ ይህችን ነገር ይጽፋት ነበር ለማለት ይቸግረኛል። እኛም የሕግ ጋዜጣችንን «ነጋሪት» ብለን የሰየምን ሕዝብ ነን፤ አዋጅ ከመታተሙ በፊት ይመታ እንደነበር ቋንቋችን አልረሳም።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ ያው ነጋሪ ዳግም በሌሊት ይወጣል፤ ኡሙኦፊያ ነገ በገበያው ሥፍራ ትሰበሰባለች። ስብሰባው እንደተጀመረ ግን የነጩ መንግሥት መልእክተኞች ይደርሳሉ። አለቃቸው ይዞት የመጣው አንዲት ዐዋጅ ናት፤ ይህ ስብሰባ ይቁም የምትል። ኦኮንክዎ ገጀራውን መዝዞ አንገቱን ይቀላዋል። ብዙ ጊዜ ይህን ትዕይንት የባህልና የቅኝ ግዛት ግጭት ብለን እንተረጉመዋለን፤ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን የተገናኙት ሁለት ነጋሪዎች ጭምር ናቸው። አንዱ ሕዝቡን ለመሰብሰብ የሚጮኽ፣ ሁለተኛው ሕዝቡን ለመበተን የተላከ። የተገደለውም መልእክተኛ ነው። ከዚያ የአውራጃው ገዥ ይመጣና ስለዚህ ሰው በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ፣ ኧረ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። የአንድ ሙሉ ሰው ሕይወት ወደ አንድ አንቀጽ ሲጨመቅ ምን እንደሚቀር ከዜና ክፍል ሰው በላይ ማን ያውቃል?

መጽሐፉ በወጣበት በ1958 አቼቤ የምሥራቁ ክልል ራዲዮ ኃላፊ ሆኖ ወደ ኢኑጉ ተዛወረ። አሁን ሥራው ከጽሑፍ ይልቅ አስተዳደር ነው። እዚያ ክሪስቲ ኦኮሊ የተባለች ወጣት ተቀጠረች። መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ደመወዝ ነው፤ እኩል አብራት ከተቀጠረች ጓደኛዋ ያነሰ ደመወዝ ተመድቦላት ኖሮ አቤቱታዋን ይዛ ኃላፊው ዘንድ ቀረበች። በ1961 ተጋቡ። ከደመወዝ አቤቱታ የተነሣ እንዲህ ያማረ ፍጻሜ በእኛ መሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ በአንድ የአሜሪካ ድርጅት ድጋፍ ምሥራቅ አፍሪካን ዞረ። በታንጋኒካ ሼኽ ሻባን ሮበርትን አገኘ። የስዋሂሊ ቋንቋ ታላቁ ባለቅኔ ለእንግዳው የነገረው ሥራዎቹን የሚያሳትምለት አጥቶ እንደተቸገረ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈው ወጣት ለንደን ላይ ታትሞ ዓለም ሲያነበው፣ በገዛ ቋንቋው የጻፈው ሽማግሌ አሳታሚ ፍለጋ ይንከራተታል። አቼቤ በእንግሊዝኛ መጻፉን ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከርለት ኖሯል፤ ክርክሩ ብርቱ ነው። በአማርኛ ለምጽፍ ለእኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ የሻባን ሮበርት ብሶት ይበልጥ ይቀርበኛል።

ከጉዞው እንደተመለሰ የውጭ አገር ሥርጭት ዳይሬክተር ተባለ። «የናይጄሪያ ድምፅ» የመጀመሪያ ሥርጭቱን ያስተላለፈው በ1962 የአዲስ ዓመት ዕለት ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው። የአገሩ ድምፅ በእጁ ገባ። ጣቢያው ከወገንተኝነት እንዲርቅ ይጥር ነበር። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ በምዕራቡ ክልል የፖለቲካ ጠብ ፈነዳ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። ለውጭ አገር አድማጭ ምን ይነገር? ምን ይቅር? ይህ ጥያቄ በየማለዳው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር።

«የእግዜር ቀስት» በ1964 የታተመው ደራሲው በዚህ ወንበር ላይ ሳለ ነው። ጀግናው ኤዜኡሉ የኡሉ አምላክ ካህን ነው። አዲስ ጨረቃ ስትታይ ኦጌኔ መትቶ ለስድስቱ መንደሮች የሚያሳውቅ እሱ ነው፤ የአዲስ ያም በዓልን ቀን የሚጠራም እሱ ብቻ ነው። እንግሊዞች አስረው ሲያቆዩት በየአዲሱ ጨረቃ መብላት የሚገባው ቅዱስ ያም ሳይበላ ይቀራል። ከእስር ሲፈታ ቀሪው እስኪያልቅ በዓሉን አልጠራም ይላል። ካልተጠራ ደግሞ ምርት አይነሣም። ያሙ በማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ሕዝቡ ይራባል፣ በመጨረሻም ወደ ክርስቲያኖቹ የመከር በዓል ይሄዳል። መናገር ሥራው የሆነ ሰው በዝምታው አገር ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ የጠለቀ ልብ ወለድ አላነበብኩም። ይህን የጻፈው ደግሞ ቀን ቀን የአገር ድምፅ የሚያሰማ ባለሥልጣን ነው። ከአቼቤ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝም አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየፈጠነ ይሄዳል። በጥቅምት 1965 በምዕራቡ ክልል የተጭበረበረ ምርጫ ተደረገ። ዎሌ ሾይንካ ኢባዳን ወደሚገኘው ራዲዮ ጣቢያ መሣሪያ ይዞ ገብቶ የክልሉን መሪ የአኪንቶላን የድል ንግግር ቴፕ በሌላ ለውጧል ተብሎ ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም በነፃ ተለቀቀ። ታሪኩን በኋላ በትዝታ መጽሐፉ ተርኮታል። ሁለት ደራሲ፣ ሁለት ራዲዮ ጣቢያ! አንዱ በር ሰብሮ ይገባል፣ ሌላው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ማልዶ ይገባል። አቼቤም ዝም አላለም፤ ነገር ግን በማይክሮፎኑ ሊናገር የማይችለውን ማታ ማታ ይጽፈው ነበር። «የሕዝብ ሰው» የተባለው አራተኛው ልብ ወለድ ስለ አንድ ጉቦኛ ሚኒስትር ይተርክና በወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ይዘጋል።

ጥር 14 ቀን 1966 ማታ የናይጄሪያ ደራስያን ማኅበር ላጎስ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ባለቅኔው ጆን ፔፐር ክላርክ ገና ገበያ ላይ ያልወጣውን መጽሐፍ አስቀድሞ አንብቦት ኖሮ፣ አቼቤ ነቢይ ነው፤ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በቀር የጻፈው ሁሉ ደርሷል ሲል ተናገረ። በነጋታው ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሉም። ሻለቃ ካዱና ንዜኦግዉ አዲሱን ዐዋጅ ያነበበው በካዱና ራዲዮ ነው። መጽሐፉም በዚያው ወር ወጣ። አንባቢ በትንቢቱ ተደነቀ፤ ጥቂቶች ግን ደራሲው ከሴራው ውስጥ ካልነበረ እንዴት ሊያውቅ ቻለ ብለው ጠረጠሩ። የመንግሥት ራዲዮ ባለሥልጣን መሆኑ ጥርጣሬውን ሳያብሰው አልቀረም።

በሐምሌ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። በሰሜን የኢግቦ ተወላጆች መጨፍጨፍ ቀጠለ። ወታደሮች ሰክረው አቼቤን ፍለጋ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ፤ ብዕሩና ጠመንጃቸው የትኛው እንደሚበረታ ሊፈትኑ። በወቅቱ እዚያ አልነበረም፤ መልእክቱ በስልክ ደረሰው። ተደበቀ። ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በመርከብ ወደ ፖርት ሃርኮርት ሰደዳቸው። እሷ ፅንሱን አጣች። እሱም ቆይቶ ተከተላቸው። የ12 ዓመቱ የራዲዮ ሥራ ያለ ስንብት ደብዳቤ፣ ያለ ቁልፍ ርክክብ አበቃ።

የጦርነቱ ታሪክ ሰፊ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ቢያፍራ በግንቦት 1967 ተመሠረተች፣ በጥር 1970 እጅ ሰጠች። በነሐሴ 1968 ሁለቱ ወገኖች በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሰብሳቢነት አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አልተስማሙም። አቼቤ ለቢያፍራ ቃል አቀባይ ሆኖ በየአገሩ ዞረ። ከባለቅኔው ክሪስቶፈር ኦኪግቦ ጋር በኢኑጉ ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት በጦርነቱ ወደመ፤ ኦኪግቦ ራሱ በ1967 በጦር ሜዳ ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት አቼቤ ረጅም ልብ ወለድ መጻፍ አልሆነለትም፤ ግጥም ግን ጻፈ። ቦምብ በሚዘንብበት አገር ግጥም በአጭር ፋታ ይጻፋል፤ በሥራ መሐል ለሚጽፉ ሰዎችም እንደዚሁ ነው።

አምስተኛው ልብ ወለድ «የሣር ምድር ኩይሳዎች» በ1987 ወጣ። ዋና ሰዎቹ እነማን ናቸው? ካንጋን በምትባል ምናባዊ አገር አንዱ የማስታወቂያ ሚኒስትር ክሪስ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅና ባለቅኔ ኢከም። ከ21 ዓመት በኋላም ደራሲው ከዚያ ቤት አልወጣም ነበር። የእኛው በዓሉ ግርማ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣንና የ«ኦሮማይ» ደራሲ፣ በ1984 ደብዛው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ኦሮማይ» የሚተርከው ስለ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መሆኑን የሚያስታውስ አማርኛ አንባቢ የአቼቤን መጽሐፍ ያለ ሕመም ሊያነበው አይችልም።

ኢከምን የጸጥታ ሰዎች ይገድሉታል። ክሪስ ልብሱን ለውጦ፣ ተራ ሰው መስሎ፣ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ይሸሻል። በመንገድ ዳር ሕዝብ ተሰብስቦ ከተዘረፈ መኪና ላይ ቢራ እያወረደ ሲጠጣ፣ ሲጨፍር ያገኛል። መንግሥት ተገልብጧል፤ በራዲዮ ተነግሯል። የአገሪቱን ዜና ለዓመታት በእጁ ያሳለፈው የማስታወቂያ ሚኒስትር ይህን የሰማው ከሰካራሞች አፍ ነው።